ሁለተኛው ቁልፍ

ሁለተኛውን ቁልፍ የተጫነው ማን ነው?

ያን ቀን ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። የምነግራችሁን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በልጄ እምላለሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ቦታው ካርቶን ፋብሪካ፣ መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ።

ማሽኑ ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱንም በሁለት እጅ ባንዴ ካልተጫኑ ቢላዋው አይወርድም። እጅ እንዳይቆርጥ ነው።

እኔና ጎረቤቴ በየተራ እንሰራበታለን። ከስራ በኋላ ደግሞ አብረን ፊደል እንማራለን።

የሷ እጅ የማይችለው ነገር የለም። ልጄ እንኳ የቤት ስራዋን ይዛ የምትሮጠው እሷ ጋ ነው።

"እማዬ፣ የእትዬን ጽሑፍ እዪ... ያንቺ እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።"

ሳቅኩ። የእትዬን እጅ ግን ተመኘሁ።

በስራ እንኳ ልብለጣት ብዬ የቀኙን ቁልፍ እንደተጫነ እንዲቀር በፕላስተር አሰርኩት። በግራዬ ብቻ እየተጫንኩ፣ በቀኜ ካርቶን እያስገባሁ ፈጠንኩ።

ተራዋ ሲደርስ ፕላስተሩን ሳላነሳ ወጣሁ።

ረስቼው ነው... አልኩ ለራሴ።

ካርቶን ስታስገባ ግራዋ ቁልፉን ነካ፤ ቀኝ እጇ ማሽኑ ውስጥ ቀረ።

አለቃችን ካቦው "ራሷ ናት የለጠፈችው" አለ። እኔ ዝም አልኩ።

ከአራት ወር በኋላ ወደ ስራ ተመለሰች። መጥረጊያ ሰጧት።

ያን ቀን ከምሳ ስመለስ ግን ማሽኑ ፊት ቆማለች። ቁልፉ ላይ ፕላስተር የለም። ባዶ እጅጌዋ ተንጠልጥሏል።

ግራ እጇን በግራው ቁልፍ ላይ አደረገች።

የቀኙ ቁልፍ... ቀስ ብሎ ሰመጠ።

ቢላዋው ወረደ።

"እህቴ... ማን ነው የተጫነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እጄ ናት።"

"የትኛዋ?"

"ያቺ የተመኘሻት።" ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። "እዚህ ትሰራለች። እናንተ ቤት ትጽፋለች።"

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ደብተሬን ይዛ ቆማለች።

"እማዬ፣ ፊደልሽ አማረ..."

ከዚያ አነበበችው።

ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። የጎረቤቴ ጽሑፍ ነው። እንደ ቤት ስራ አንድ ዓረፍተ ነገር ተደጋግሟል።

"ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

"እውነት ነው?" አለችኝ።

ይህኛውን መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩም።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። እስክሪብቶው... ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ቆመ።

ልጄ እትዬ ጋ ሄደች።

እኔ ቀረሁ... ከእጇ ጋር።