የጨነቅ ሬዲዮ ዝም ያለ ቀን

ሰውየው ነጭ ሽንኩርቱን እየመረጠ፣ ቀና ብሎ ሳያያት አናገራት።

«ዛሬ ነው።»

የደባርቅ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። እታለም ጎንበስ ብላ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አነሳችና መረጃ የቀዳችበትን ፍላሽ ከቅርጫቱ ሥር ለቀቀችው። የሰውየው መዳፍ ወዲያው ሸፈነው። እታለም ስሟ አይደለም። እሱም ሽንኩርት ነጋዴ አይደለም። በደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው እሷ «ግራምጣ» ነች፤ እሱ፣ አለቃዋ፣ «ምሰሶ» ነው።

«የሰይፈ ሥላሴ መኪኖች ከሰዓት በኋላ ሊማሊሞን ይወጣሉ» አለ። «መሣሪያ ጭነዋል። እሱ የፖሊስን ሬዲዮ መስማት የለበትም።»

«የጨነቅ ስካውቶች ሬዲዮም እሱ በሚጠልፍበት ካርድ ነው የሚሠራው። ጽፌልህ ነበር። አብሮ ይሞታል።»

«ይነገራቸዋል።»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«ይነገራቸዋል አልኩሽ። ሽንኩርቱን ትወስጃለሽ ወይስ አትወስጂም?»

አንዲት ባልቴት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው አጠገባቸው ቆመዋል። እታለም ሽንኩርቷን ወሰደች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ተመልሳ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም።

ከከተማው ዳር ያለው የሰይፈ ሥላሴ ሎጅ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከቀጠራት ወራት አልፈዋል። ሰይፈ ሥላሴን ደባርቅ በደግነቱ ነው የሚያውቀው። ተራራው ላይ ጨነቅን ለሚጠብቁት የፓርኩ ስካውቶች የአደጋ መጥሪያ ሬዲዮ ያቆመላቸው እሱ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ። በሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር። አንደኛው የስካውቶቹን ጥሪ ይቀበላል። ሁለተኛው የፖሊስና የኬላ ጠባቂዎችን ንግግር ይጠልፋል። ሁለቱም የሚሰሙት በአንድ የሬዲዮ ካርድ ነው። ካርዱ በቀጥታ ለእነሱ ተሰጥቷል፤ ከሥር ሆኖ የሚያሠራው ግን ድራይቨር የሚባለው የሰርቨሩ ፕሮግራም ነው። እሱ ከተነቀለ ሁለቱም ይደነቁራሉ።

ሰርቨሩን ማጥፋት ይቀል ነበር። ግን የሰርቨሩ አረንጓዴ መብራት ከጠፋ ሰይፈ ሥላሴ ይነቃል፤ መኪኖቹን ያስመልሳል። ድራይቨሩ ብቻ ከወጣ ማሽኖቹ እንደበሩ ይቆያሉ፤ ጉም ነው፣ አንቴና ነው ይባላል። አንድ ነገር ብቻ አለ። ማሽኖቹ እየተጠቀሙበት በግድ የተነቀለ ድራይቨር ተመልሶ አይገባም። ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ እንደደነቆረ ይቀራል።

በሩን ዘጋች። ትእዛዙን ጻፈች።

ሰርቨሩ ካርዱ በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ አላት።

ድራይቨሩን በግድ አስወጣችው።

አረንጓዴው መብራት አልጠፋም። አንድም የተለወጠ ነገር አይታይም።

ብዙ ሳይቆይ ባንቻየሁ መጣች። የሎጁ የሬዲዮ ጥሪ ተቀባይ ናት፤ ባሏ ዋሴ ጨነቅ ላይ ስካውት ነው። እንግዶች እንዳይስቁባቸው ሥራ አስመስለው ስለ አየሩ ሁኔታ ሲጠያየቁ ነው የሚውሉት። ሎጁ ሁሉ ያውቅባቸዋል።

«እታለሜ፣ ዝም አለብኝ እኮ» አለች። «ባሌን ሰለቸሁት መሰለኝ።»

«ጉሙ ነው። አየዋለሁ።»

«እዪልኝ እስቲ። ዛሬ ስለ ዝናቡ የነገረኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።»

ለእታለም ሥራዋን አሳምራ መሥራት የሽፋኗ አካል ነበር። ባለፈው ጨነቅ ድረስ ወጥታ ስካውቶቹን አሠልጥናለች። ሬዲዮው ከጠፋ ኔትወርክ ወደሚይዝበት አፋፍ ውጡ፣ ለእኔ ደውሉልኝ ብላቸዋለች።

ስልኳ ጮኸ።

ዋሴ ነበር። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል።

«እህቴ፣ ምን ሆናችሁ? ባንቻየሁ ደህና ናት?»

አልተነገራቸውም።

«ደህና ናት። ትንሽ ብልሽት ነው።»

«እዚህ ጉሙ እግሬን እንኳ አያሳየኝ። በረዶውም ጀምሯል። ልመለስ ወይስ ልቆይ?»

ተመለስ ማለት ሬዲዮው ዛሬ አይሠራም ማለት ነው። ያን ካለች፣ እንዴት አወቅሽ የሚል ይመጣል። የሎጁ ባለሙያ የምትለው ሌላ ነው። አፏ ሳይጠይቃት መለሰ።

«ትንሽ ቆይ። አሁን ይስተካከላል።»

«እሺ። አንቺ ካልሽ።»

መስመሩ ተቋረጠ።

እጇን ከስልኩ ሳታነሳ ሰይፈ ሥላሴ ገባ። ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ምን እንደተፈጠረ ጠየቃት። ማሽኑ ደህና እንደሆነ፣ ጉሙ እንደያዘው ነገረችው። አረንጓዴውን መብራት ለረጅም ጊዜ አየ።

«አጥፍተሽ ብታበሪውስ ልጄ?»

ማጥፋትና ማብራት። ሁለቱም ማሽኖች ጆሯቸውን ያገኛሉ። ዋሴ ከአፋፉ ይመለሳል። መኪኖቹም ኬላው የት እንዳለ ይሰማሉ፤ መሣሪያው ያልፋል።

«አሁን ከጠፋ የቀዳው ሁሉ ይበላሻል ጋሼ» አለች። «ጉሙ እስኪገልጥ እንታገሥ።»

አያት።

«አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወጣ።

ዋሴ ጋ ደወለች። አይገኝም። ደገመች። አይገኝም።

ቀኑ ሳይመሽ ፖሊሶች ግቢውን ሞሉት። መኪኖቹ ከነጭነታቸው ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ላይ ተይዘዋል። ሰይፈ ሥላሴ እጁ ታስሮ በሠራተኞቹ ፊት ሲያልፍ ቆም አለና አዛዡን ለመነው። «እነዚህን ልጆች አታንገላቷቸው። ምንም አያውቁም።» ሲናገር እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ የቆመችውን እታለምን ነበር የሚያየው።

ሰርቨሩን አጥፍታ አበራችው። ሬዲዮው ተመለሰ። ከጨነቅ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ የዋሴ አልነበረም። ዋሴ ወደ እናንተ ወርዶ ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ነበር።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገልጥ ሬሳውን ከአፋፉ ገደል ሥር አገኙት።

ምሰሶ መናኸሪያው ጀርባ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ጠበቃት። እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ይነገራቸዋል ብለኸኝ ነበር።»

«ከስካውቶቹ አንዱ የሰይፈ ሥላሴ ሰው ነበር። የትኛው እንደሆነ አላወቅንም። ለማን ልንገር?»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትነቅይው ነበር?»

ሌላ ጠየቀች።

«ዋሴ ነበር? ሰውየው ዋሴ ነበር?»

አዎ እንዲላት ተመኘች። መመኘቷን ራሷ ሰማችው።

«አይደለም» አለ። «አሁን ይዘነዋል፤ ሌላ ነው። ነገ ጎንደር ትገቢያለሽ።»

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ባንቻየሁን ድምፅዋ ተዘግቶ አገኘቻት። ባንቻየሁ የእታለምን እጅ ሳብ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«መጨረሻ ያናገርሽው አንቺ ነሽ አሉ። ምን አለሽ?»

«ባንቻየሁ ደህና ናት ወይ አለኝ።»

ባንቻየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ ቀና አለች።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

በዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች ወደ እታለም ዞሩ።

«ተመለስ አልኩት።»

ባንቻየሁ ራሷን ነቀነቀች። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችው። «አይሰማም! ዱሮም አይሰማም ነበር። ተመለስ ስትይው ምናለ ቢመለስልኝ?»

እታለም እጇን ከባንቻየሁ እጅ አላወጣችም። ብታወጣው ምክንያቱ የሚታወቅባት መሰላት።

ጠዋት የጎንደር አውቶቡስ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ሲም ካርዷን ሰብራ ጣለችው። ዳባት ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቧ ተቀመጡና ስሟን ጠየቋት። አዲስ ስም ነገረቻቸው። ምላሷን አላደናቀፋትም።

«የጨነቁን ስካውት ሰማሽ ልጄ?» አሏት። «የሎጁ ሠራተኛ በስልክ፣ ተመለስ ወንድሜ ተመለስ እያለች ለምናው ነበር አሉ። አልቅሳ ለምናው!»

ወሬው ቀድሟት ዳባት ደርሷል። ልቅሶም ተጨምሮበታል።

«ሰው ሲመክሩት አይሰማም» አሉ ሽማግሌው።

«እውነትዎን ነው አባቴ» አለች።