የኢሳም የዝናብ ልብስ

ከዋዲ ሩም መንደር ሊነሱ ሲሉ ሚትሪ የሩባን ሻንጣ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መዘነውና መልሶ አሸዋው ላይ ጣለው።

«ይሄ የሰሜን ሻንጣ ነው» አላት። «እዚያ ጫካ አለ፣ ጭቃ አለ፣ በየሸለቆው ምንጭ አለ። እዚህ የሚሸከሙት ውኃ ብቻ ነው። ቦት ጫማውን አውጪ፤ የዝናብ ልብሱንም።»

«ኢሳም እንዳሰረው ነው የሚሄደው።»

«አንቺ ደረቅ! ኢሳም ራሱ ይዞት አይመጣም ነበር።»

«እሱማ አልመጣም» አለችና ሻንጣውን አዘለች።

ኢሳም ወንድሟ ነው። ከጓደኛው ከሚትሪ ጋር ዮርዳኖስን ከሰሜን ድንበር እስከ ቀይ ባሕር በእግሩ ሊያቋርጥ ተነስቶ፣ አብዛኛውን ሄዶ ለዕረፍት ቤቱ በገባበት ሞተ። የቀረውን ልትጨርስለት የመጣችው ሩባ ናት። የዝናብ ልብሱ ኮሌታ ሲጋራና ሄል ያለበት ቡና ይሸታል። እናታቸው ልታጥበው ብታነሳው ሩባ ከእጇ ነጥቃታለች።

ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያጡት ትላልቅ የውኃ ጠርሙሶች መንደር ቀሩ። ሚትሪ የተማመነው የአጎቱ ልጅ መንገድ ላይ በቀበረላቸው ጀሪካን ነበር። በማግስቱ ድንጋዩን ፈንቅለው ሲያወጡት ግን ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ታቹ ተቦጭቋል።

«ቀበሮ» አለ ሚትሪ። «እሱስ ጠጣ!»

«ስንት ቀረን?»

«ግማሽ ጠርሙስ። የውኃ ጉድጓዱ ደግሞ ነገ ማታ ነው የሚደረሰው።»

ፀሐይ ቀዩን ገደል አግላው ነበር። ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ እየተጣበቀ ሄዱ። ወደ ማምሻው ምዕራቡ ጠቆረ፤ ነፋሱም አሸዋ እያፈሰ መጣ። ድንኳኑን ሲተክሉ አሸዋው ካስማውን አልያዘም፤ ድንኳኑ ተነቅሎ በረረ።

«ተይው! ወደ ላይ ውጪ፤ ጎርፍ ይመጣል!»

ጉልበታቸው እየተላጠ ድንጋዩን ቧጠው ወጡ። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ሲወርድ ሚትሪ ሻንጣውን አየ። ሩባ ራሷ ፈታችው። ልብሱን አንዴ ፊቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰችና ዘረጋችው። ሁለቱን ጠርዝ በኢሳም ቦት ጫማ፣ ሌላውን በድንጋይ ጫኑት። ከሥራቸው ሸለቆው እያገሳ ቁጥቋጦና ድንጋይ ይዞ አለፈ።

ልብሱ መሐል ውኃ ተጠራቀመ። ተንበርክከው ጠጡ።

ሚትሪ ቀና ብሎ አፉን ጠረገ። «ሄል ሄል ይላል። ይሄ ሰውዬ ሞቶም ቡና ያጠጣናል!»

ሩባ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ ገለበጡ።

ጠዋት ኮሌታውን አሸተተችው። እርጥብ ድንጋይ ብቻ ይሸት ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ፍየል የሚያጠጣ ሰው አገኙ። ቦት ጫማውን ሰጠችውና እሱ በለቀቀላት ጀሪካን ውኃ ሞልታ በቦታው ከተተች። ከዚያ በኋላ ሚትሪ ሻንጣዋን አልመዘነም።

ቀይ ባሕር ዳር፣ ዓቃባ ሲደርሱ ሰው እየዋኘ ነበር። ሩባ እስከ ጉልበቷ ባሕሩ ውስጥ ገብታ የዝናብ ልብሱን ነከረችው፤ ኮሌታውን፣ ብብቱን፣ ኪሶቹን አሸች።

«ና ያዝልኝ» አለችው።

ሚትሪ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠመዘዙት።