ያኛውን ጫፍ ማን ያዘልኝ?

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አቃቂ ውስጥ ብረት ኒኬል ስነክር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሲድና ኮረንቲ ደግሞ ቀልድ አያውቁም፣ በደንብ ከሠራህ ያበራልሃል፣ ካበላሸህ ይላጥብሃል፣ መሀል ገብቶ የሚፈተፍት ሌላ ነገር የለም ብዬ ነበር የማምነው። ሠፈራችን ውስጥ እከሌ ቤት ማታ ማታ ድንጋይ ይወረወራል፣ እከሊት ጥላ አየች ሲባል ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ እስክጨርስ ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ነው። ሚሊኒየሙ አልፎ፣ ወጣቱ ተደራጅ፣ ሙያ ተማር ይባል በነበረበት ጊዜ፣ እዚያ ያለ አንድ ማሰልጠኛ ንከራ የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ወሰደኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የተከፈተ ፋብሪካ ደግሞ ምዘናውን ያለፉትን ልጆች እቀጥራለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሠልጣኞቼ ከዘመሮ፣ ከጓሳ ዳርቻ፣ ከየገጠሩ የመጡ የገብስ ገበሬ ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹ ይቺን ሥራ ካላገኙ የሚመለሱበት መሬት እንኳ የላቸውም፣ ያለው ለታላላቆቻቸው አልቋል። እኔም የምመለስበት አልነበረኝም። ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን፣ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሥራው ምን እንደሚመስል በአጭሩ ላስረዳችሁ። ብረቱ ታጥቦ፣ አሲድ ነክቶት፣ እንደገና ታጥቦ ነው የኒኬሉ ገንዳ ውስጥ የሚገባው፣ ንጹሕ መሆኑን የምናውቀው በውሃ ነው፣ ውሃ ስታፈስበት እንደ ስስ ጨርቅ ሙሉውን ከሸፈነው ንጹሕ ነው፣ ከተንጠባጠበና ከሸሸ ግን ቅባት አለበት ማለት ነው። የሰው ጣት ቅባት አለው። በባዶ እጅህ ከነካኸው ኒኬሉ እዚያ ቦታ ላይ አይዝም፣ በቃ፣ ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ምላሴ ደርቋል። ብረቶቹን ከአንድ ረጅም ዘንግ ላይ እናንጠለጥላቸዋለን፣ መስቀያ እንለዋለን፣ ከባድ ስለሆነ በዚህም በዚያም ጫፍ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። አንዱ «ያዝልኝ!» ይላል፣ ሌላው «ያዝኩ!» ይላል፣ እኩል ያነሳሉ። ቀኑን ሙሉ በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ይሄ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ነው። ልጆቹ ለምዘናው የሠሩት ናሙና በሙሉ ተላጠብን፣ ገንዳው ተበክሎ ኖሯል። መዛኞቹ ከበዓሉ በኋላ ሊመጡ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ለበዓል ወደየቤታቸው መሄድ አለባቸው። ከሁሉም ጎበዟ አስካለ የምትባል ልጅ ነበረች፣ «ቲቸር፣ እኔ ልቅርና ላግዝዎት?» ብላኝ ነበር። «ሂጂ፣ እናትሽ ይጠብቁሻል፣ እኔ ገንዳውን አስተካክዬ በአንድ ዙር ሞክሬ እጠብቃችኋለሁ» አልኳት። ሄደች። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ዘበኛው ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ነን።

ብቸኝነት አውቃለሁ እል ነበር፣ አላውቅም ነበር። የመንዝ ጉም ሲወርድ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል፣ መጀመሪያ ተራራውን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ከተማውን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በመጨረሻ አንተና ደጃፍህ ብቻ ትቀራላችሁ። ከሰው ጋር ሳላወራ ውዬ አድሬ፣ ለቁልፉ፣ ለባልዲው፣ ለቦቲ ጫማዬ ማውራት ጀመርኩ።

ቀዳም ሹር ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጣ። ይሄ ዕድል አያምልጠኝ ብዬ ወደ አዳራሹ ስሄድ ጋሽ ወንድይፍራው የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምነው መምህር፣ በቀዳም ሹር? ብረቱም ይረፍ እንጂ።»

«ጋሼ፣ መብራቱ ተመልሶ ከሄደ ልጆቹ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው።»

«በል እንግዲህ፣ እግዜር ይከተልህ።» ደግሞም፣ «ሰሞኑን ብቻህን ስታወራ እሰማሃለሁ ልጄ፣ ደግ አይደለም» አሉኝ። አፍሬ ሳቅኩና ገባሁ።

ገንዳውን አሞቅኩት። ቅዝቃዜውን ታውቁታላችሁ፣ ከሞቀው ኒኬል የሚነሳው እንፋሎት በቆርቆሮው ክፍተት ከሚገባው ጉም ጋር ተደባልቆ፣ ከገንዳው ማዶ ያለው ግድግዳ አይታይም። ብረቶቹን አጠብኩ፣ አሲድ አስነካሁ፣ አለቀለቅኩ፣ ውሃ አፈሰስኩባቸው፣ ሁሉም አንድ ሳይቀር እንደ መስታወት ሸፍኖ ያዘው። ጓንት እጄ ላይ ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ያኔ ነው ከማዶ በኩል የእንጨቱ ርብራብ ሲጥጥ ያለው። ውሃ እንዳንረግጥ ዙሪያውን የዘረጋነው እንጨት ነው፣ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዞር የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ ልክ እንደዚያ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። እንጨት ነዋ፣ ሲሞቅ ይጮሃል አልኩ።

ሐሳቤ ብረቶቹን እያወረድኩ አንድ በአንድ መክተት ነበር፣ ግን አየር ላይ ከቆዩ ይዝጋሉ፣ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። ግራ ገብቶኝ የመስቀያውን አንዱን ጫፍ ጨበጥኩና፣ እመኑኝ፣ ከልማድ ብቻ ነው፣ «ያዝልኝማ» አልኩ።

ያኛው ጫፍ ተነሳ።

ብድግ ብሎ አልተወረወረም፣ እንደ ተአምር አልበረረም፣ ሰው እንደሚያነሳው ነው የተነሳው፣ ከእኔ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ክብደቱ ከወገቤ ላይ ሲቀል ተሰማኝ። እግሬ ሲሄድ እሱም ሄደ። በእንፋሎቱ ውስጥ ዘንጉ እስከ መሀሉ ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ገንዳው ላይ ስናደርሰው የእኔ ጫፍ ቋ! ብሎ አረፈ፣ ያኛው ግን ድምፅ የለውም፣ ተጠንቅቆ፣ በቀስታ ነው የተቀመጠው።

«ጋሽ ወንድይፍራው?» አልኩ። በገንዳው ዙሪያ ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። ርብራቡን በእግሬ ጫን አልኩት፣ ሲጥጥ አለ።

ኮረንቲውን ለቅቄ ቆምኩ። ለምን አልሮጥክም ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ኒኬሉ እስኪይዝ ድረስ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ያንን ነጭ ነገር ሳይ ቆየሁ። የማውጫው ሰዓት ሲደርስ ደግሞ፣ አትፍረዱብኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እያወቅኩ፣ «ያዝልኝ» አልኩ። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ዕቃ በሁለት ጫፍ ይዤ ካነሳሁ፣ ከሠልጣኞቼ ውጪ ማለቴ ነው፣ ስንት ጊዜዬ። አልጋችንን አንስተን ለገዢው ስናስረክብ ነበር ከባለቤቴ ጋር የመጨረሻው።

ያዘልኝ። አብረን አወጣን፣ አብረን አለቀለቅን።

በመስኮቱ ብርሃን ሳየው በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ንከራ ሠርቼ አላውቅም። ጥርት ያለ ነው። ከማዶው ጫፍ የተንጠለጠለው የመጨረሻው ብረት ላይ ብቻ የአራት ጣትና የአንድ አውራ ጣት አሻራ ጠቁሮ ቀርቷል። ኒኬሉ አልያዘውም። መስቀያው ሲነሳ ብረቱ እንዳይወዛወዝ በባዶ እጅ ደገፍ የማድረግ ስህተት ነው፣ አዲስ ሠልጣኝ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው። ጓንቴን አውልቄ እጄን ለካሁበት። የእኔ እጅ ሰፊ ነው። ያኛው ጠባብ ነው፣ ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው።

ኮረንቲውን አጥፍቼ ወጣሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ከአዳራሹ ትንሽ ራቅ ብለው እሳት ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ልጆቹ ተመለሱ እንዴ?» አሉኝ።

«ማንም አልተመለሰም ጋሼ።»

«አንተ ‹ያዝልኝ› ስትል ሌላ ሰው ‹ያዝኩ› ሲል ሰማሁ'ኮ። ሁለት ጊዜ።»

በእግዚአብሔር፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ፊቴን አዩና አማተቡ። «ያገዘህን አመሰገንክ?» አሉኝ።

«ማንን ነው የማመሰግነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን ሰው አግዞህ ዝም ብለህ ወጣህ?»

ተመልሼ እስከ አዳራሹ በር ሄጄ ነበር። እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ፣ ጉሙ ጀርባዬን አርሶታል፣ ከውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከመስቀያው ላይ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ብናገር፣ አሜን የሚል ድምፅ ቢመጣስ? ሳላመሰግን፣ ግቢው ውስጥ ያለችው ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ ተኛሁ፣ መተኛት ካላችሁት። የትንሣኤው ደወል ሲደወል ነበር ጥቂት ያሸለበኝ።

ልጆቹ ተመለሱ። ብረቱን ደብቄው ነበር፣ አስካለ ግን ዕቃ ስትፈልግ አገኘችው። «ቲቸር፣ ይሄን ማን ነካው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ» አልኳት። እጄን አየች፣ ብረቱን አየች፣ ከዚያ የራሷን እጅ አሻራው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በማግሥቱ የኒኬሉን ልባጥ በአሲድ አስለቅቄ እንደገና ነከርኩት፣ በደንብ ያዘ፣ ምልክቱም ጠፋ። ልጆቹ ገንዳው ተስተካክሎላቸው ናሙናቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው ምዘናውን አለፉ፣ ፋብሪካውም ቃሉን ጠብቆ ወሰዳቸው፣ አስካለ ብቻ አሰልጣኝ ሆና እዚያው ቀረች። እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው አርፈዋል። አስካለ ለበዓል ለበዓል ትደውልልኛለች፣ ባለፈው ፋሲካም ደወለች። ሠልጣኝ እየጠፋ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ፣ ገንዳው ግን እንዳይበላሽ እየሠራሁበት ነው አለችኝ። ሳላስበው፣ «መስቀያውን ታዲያ ማን ያነሳልሻል?» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ስሟን ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ስሟን ነው ያለችኝ፣ እኔ የዚያን ቀን ነገር አንድም ጊዜ ሳልነግራት። በደንብ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ እኔም አልደወልኩላት፣ እሷም አልደወለችም።