ኮሚቴው ኪቦርድ ሊያይ ወረደ

«ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት በሙሉ! የሥራ አመራር ኮሚቴው ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ወደ መሀል ከተማ ወርዶ ሁለት ኪቦርዶችን እንደሚያይ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ አክብሮት ያሳውቃል።»

መልእክቱ በሰው አገር በሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ማኅበር ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ሰናይት ናጉሩ ሰፈር እቤታቸው ሶፋ ላይ ተጋድማ ነበር። ቀና ብላ ደግማ አነበበችው። «ይገዛል» የሚል ቃል የለበትም። «ያያል» ነው የሚለው። ያም ሆኖ ከሥሩ ሰው በጭብጨባ ምልክት ሞልቶታል። አንድ ሰው ደግሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል፤ ሳያነብ መሆን አለበት።

መጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «በባለሙያነት የምትገኘው ወጣት ሰናይት ኤርሚያስ ናት። ዕቃው ሲገዛም በባለሙያዋ ቤት ይቀመጣል።»

ሰናይት ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን አየች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለሙያ የሆነችው ትምህርት ቤት በኮሮና በሽታ ምክንያት በተዘጋባቸው ሁለት ዓመታት ነው፤ አባቷ ከዱባይ ባመጣላት የልጆች ኪቦርድ ላይ፣ ከስልክ እያየች። እናቷ ቪዲዮ ቀርጻ ለማኅበሩ ላከች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ፒያኒስታችን» ይላታል። እሷ ግን ልኳን ታውቃለች። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይዞ የወጣ የወረደ ሰው፣ ትንሽ ከታገሠ ትዝታ ይወጣለታል። ነጮቹን ለጊዜው ለጌጥ ትታቸዋለች።

ግን እውነተኛ ኪቦርድ፣ ያውም ባንዶች የሚጫወቱበት ዓይነት፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ! ይህን አስባ እንቅልፍ እንቢ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው በጋሽ አድማሱ መኪና ወረደ። ጋሽ አድማሱ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ መጋዘን አላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ ውስጥ ነበሩ፤ ምን ይጫወቱ እንደነበር ግን በየጊዜው ይለያያል። ከጎናቸው የተቀመጡት ሊቀ መንበሩ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ኮሎሎ ሰፈር ያለ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ቁርሳቸውንም በአጀንዳ ነው የሚበሉት ይባላል። ከኋላ እትዬ ያለምወርቅ፣ የሬስቶራንት ባለቤት፤ ከዚያ ሰናይት፤ ከዚያ የሊቀ መንበሩ ልጅ እስክንድር። እስክንድር አንድ ዓመት ይበልጣታል፤ ለእንቁጣጣሽ በዓል የሚዘፍነው እሱ ነው። ሁለት አዲስ ዓመት በዙም አልፏል። የዘንድሮው ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ኪቦርድ ያስፈልጋል።

«እኔ እንኳ የምለው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ፣ መኪናው ጂንጃ ሮድ ላይ ቦዳ በሚባሉት የታክሲ ሞተሮች ተከቦ እንደቆመ፣ «ማስቀመጫ ቢቸግር የኔ ቤት ሰፊ ነው።»

«እትዬ ያለም፣ አልተቸገርንም» አለች ሰናይት ፈጠን ብላ።

«አይ፣ ቢቸግር ነው ያልኩት የኔ ልጅ።»

ሰናይት በሐሳቧ ኪቦርዱን ሬስቶራንቱ ጥግ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ላይ የሚሪንዳ ሳጥን ተጭኖበት አየችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ከበሽታው ጊዜ የተረፈ የሳኒታይዘር ዕቃ ቆሟል። ባዶ ነው። ጋሽ አድማሱ ግን ተጭነው፣ ምንም ያልወጣበትን እጃቸውን በደንብ አሻሹ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስም አሻሹ። ከኋላ የመጣው ሁሉ አሻሸ።

ናካቶ የምትባል ወጣት ሻጭ ተቀበለቻቸውና ሁለቱን ኪቦርዶች አሳየቻቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ፤ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም መብራታቸው በርቶ። «እንደፈለጋችሁ ሞክሩ» ብላ የጊታር ክር ወደሚፈልግ ደንበኛ ሄደች።

ጋሽ አድማሱ መጀመሪያ ተቀመጡ። ቀዩ ላይ ሦስት ድምፅ ነኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዞረው ግራጫው ላይ እነዚያኑ ሦስት ድምፆች ነኩ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«እ?» አሉ።

«በትክክል!» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ጋሽ አድማሱ እንዳሉት፣ ልዩነቱ መሠረታዊ ነው።»

ጋሽ አድማሱ ገና ምንም አላሉም ነበር፤ ግን ከተባለ በኋላ ወደኋላ ማለት ከበዳቸው። «ቀዩ ላንቃ ላይ ይቀራል» አሉ። «ግራጫው ግን ከሆድ ነው የሚወጣው።»

«እኔማ ገና ስሰማው!» አሉ እትዬ ያለምወርቅ። «ግራጫው ቅቤ አለው። ቀዩ የጾም ነው።»

«ግራጫው ቤዙ ደረት ይደልቃል፣ ቀሽት ነው!» አለ እስክንድር።

ሰናይት ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። በማኅበሩ ስብሰባ ታላቅ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው «ከላይ እንደተባለው» ብሎ ነው የሚጀምረው። አልተባለም የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም።

«ባለሙያዋ ትሞክር» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ሰናይት ቀዩ ፊት ተቀመጠች። ጣቷን ስታሳርፍ ልቧ ዘለለ። ይሄ የዱባዩ መጫወቻ አይደለም። ቀላል ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። በግራ በኩል ድምፁን የሚያጎብጥ፣ በጣት የሚሽከረከር ትንሽ ጎማ አለው። የአገሯን ዜማ በስልክ ያስተማሯት ሰዎች ሁሉ ቀኝ እጃቸው ሲጫወት ግራቸው እሱን ያሻል፤ ድምፁ የሚያለቃቅሰው በሱ ነው። እሷም አሸት አደረገችው። ድምፁ እንደ ክራር ተንጠልጥሎ ወረደ።

«ወይኔ!» አለች ሳታስበው።

ከዚያ የድምፅ መቅጃውን ቁልፍ አገኘችው። መጀመሪያ በሁለት ጣቷ የከበሮ ድምፅ መታች፤ ችክችካ። ኪቦርዱ ያዘላትና ራሱ ይደግመው ጀመር። በላዩ ቤዝ ጨመረች። በሱ ላይ ዋሽንት የሚመስል ነገር። አንዲት ልጅ ሙሉ ባንድ ሆነች። እስክንድር አላስቻለውም፤ ዘፈኑን ጀመረ። የእትዬ ያለምወርቅ ትከሻ መጀመሪያ ለብቻው ተንቀሳቀሰ፣ እሳቸውም ተከተሉት። የጊታር ክር ሊገዛ የመጣው ሰው ክሩን ትቶ አጨበጨበ። ናካቶ ስልኳን አውጥታ ቀረጸች። ጋሽ አድማሱ «ኧረ ያዝ!» እያሉ ባዶውን የሳኒታይዘር ማቆሚያ ይደልቁ ጀመር፤ በእውነት ጥሩ ይመቱ ነበር።

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ። ጫማቸው ግን ከአጀንዳው ውጪ ወጥቶ ወለሉን ይመታል።

«ጥሩ» አሉ ሲያልቅ። «ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ግራጫውስ?»

ሰናይት ወደ ግራጫው ዞረች። የዚህኛው ቁልፎች ከባድ ናቸው፤ እንደ እውነተኛ ፒያኖ ጣት ያደክማሉ፣ ግን ቀስ ብለው ሲነኳቸው ቀስ ይላሉ። በጎማው ፋንታ ትንሽ ዱላ ነው ያለው፤ ወደ ጎን ሲገፉት ድምፁ ይጎብጣል። ሁሉም ነገር የተለየ ነው። ከድምፁ በቀር።

እንደገና ነካች። ወደ ቀዩ ተመልሳ ነካች። ከላይ፣ ከታች፣ ከመሀል። ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች። አንድ ነው። ቅቤውም የለም፣ ሆዱም የለም።  እትዬ ያለምወርቅ እንኳ የሰሙትን እሷ መስማት ካልቻለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር? ጥቁሮቹን ስትደበድብ?

እስክንድር ጎንበስ አለላት። «ምን ሆንሽ?»

«ልዩነቱ ላንተ ተሰምቶሃል?» አለች በሹክሹክታ።

«እና!»

«በእናትህ?»

እስክንድር አባቱን ገልመጥ አደረገ። «ስሚ ሰኒ፣ ፋራ አትሁኚ። ግራጫው በያቸው፣ ይለቅ። አልሰማሁም ካልሽ እትዬ ያለም ኪቦርዱን ዛሬውኑ ነው የሚወስዱት። ምን ቸገረሽ፣ አንድ ቃል ናት። ፎግሪያቸው።»

አንድ ቃል ናት፤ እውነቱን ነው። ሰናይት ቃሏን አፏ ውስጥ አዘጋጀቻት። ግራጫው። ከዚያ በኋላ «ለምን?» ቢሏት «ከላይ እንደተባለው» ትላለች። ኪቦርዱ ናጉሩ ይገባል። እሷም ከዛሬ ጀምሮ የማትሰማውን እንደሰማች እየሆነች፣ ባለሙያ ሆና ትኖራለች። በየበዓሉ። በየሰው ፊት።

«እሺ ባለሙያችን» አሉ ሊቀ መንበሩ። «በድምፅ የትኛው ይሻላል?»

«ጋሼ፣ በአነካክ ይለያያሉ» አለች። «ቀዩ ቀላል ነው፤ ፈጣን ዘፈን ላይ ያግዛል። ግራጫው ይከብዳል፤ ግን ለመማር እሱ ጥሩ ነው። በድምፅ ግን...»

«በድምፅ ግን?»

«በድምፅ ልዩነቱ አልተሰማኝም።»

እስክንድር እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ምንም?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«ምንም። ደጋግሜ ሞከርኩ ጋሼ። አንድ ሆነብኝ።»

እነሱ አልተቆጧትም። ያ ነው የባሰው፤ አዘኑላት። እትዬ ያለምወርቅ ጀርባዋን ዳበስ አደረጉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ገና ልጅ ነሽ። ጆሮ በጊዜው ይበስላል።» ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ኮሚቴው ግራጫውን እንደሚመርጥ፣ የበሰለ ጆሮ እስኪገኝ ግን ዕቃው ለጊዜው በእትዬ ያለምወርቅ ቤት ቢቆይ የተሻለ እንደሚሆን በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ። ሰናይት «እሺ» አለች። የሚሪንዳውን ሳጥን አሰበች። ግን ደግሞ ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር ወርዶላታል፤ ለምን እንደሆነ እሷም አልገባትም።

«ነይ እስቲ፣ ቀረብ በይ» አሉ ጋሽ አድማሱ። ልባቸው ደግ ነው። «እኔ አሰማሻለሁ። የምትለዪበትን ዘዴ ላሳይሽ።»

እጃቸውን ሲያነሱ መብራት ጠፋ።

ሱቁ ጨለም አለ። «አሁን ይመጣል!» አለች ናካቶ ከወዲያ። ከታች የሕንፃው ጄኔሬተር አጉረመረመና መብራቱ ተመለሰ። ግራጫው ወዲያው በራ። ቀዩ ግን ገና ከእንቅልፉ እየነቃ ነው፤ ማሳያ መስታወቱ ላይ አንዲት መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች።

«ይኸውልሽ» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ «የግራጫውን ሆድ ስሚ።»

ግራጫውን ነኩት። ዝም።

ጠንከር አድርገው ነኩት። በሁለት እጅ ነኩት። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጠጋ ብለው ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ዝም። ጋሽ አድማሱ እንደተጫኑ ቀዩ ላይ ያለችው መስመር ሞላች፤ በዚያው ቅጽበት ስፒከሩ እሳቸው በሚነኩት ልክ መጮህ ጀመረ። ከግራጫው ላይ እጃቸውን አነሱ። ቆመ። መለሱ። ጮኸ።

ናካቶ ድምፁን ሰምታ መጣች። «ይቅርታ ሴቦ፣ ይቅርታ ጌታዬ!» አለች ግንባሯን መታ አድርጋ። «ስፒከሩ የተሰካው ቀዩ ላይ ብቻ ነው እኮ። ጠዋት አንድ ፓስተር ሁለቱን አንድ ላይ መጫወት ፈልጎ በገመድ አገናኝቼለት ነበር፤ መፍታቱን ረሳሁት። ግራጫውን ስትነኩት የሚጮኸው ቀዩ ነው።» ከዚያ በጣም በትሕትና ጨመረች፦ «የግራጫውን ድምፅ እኮ ገና አልሰማችሁትም።»



እስክንድር የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ጫማው ክር የለውም። ጋሽ አድማሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ ማየት ጀመሩ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከላይ የተባለውን ፈለጉ፣ ዘጉት።

ናካቶ ጎንበስ ብላ የስፒከሩን ገመድ ከቀዩ ነቀለችና ግራጫው ላይ ሰካችው። «ማነው የሚሞክረው?» አለች።

ከግራጫው ፊት ያለው ወንበር ላይ የእትዬ ያለምወርቅ ትልቁ ቦርሳ ተቀምጧል። እትዬ ያለምወርቅ ማንንም ሳያዩ ቦርሳቸውን አነሱና ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

«ተቀመጪ ሰኒ» አሉ ቀስ ብለው።