ዌንደልን ያረመችበት ጠዋት

ኦፓል የተወለደችበትን ከተማ ስም በሁለት ዓይነት አጠራር ታውቀዋለች። ከእናቷ አፍ የሰማችው «ሉቭል» ነው፤ አፍ ሳይከፈት፣ ግማሹ ተውጦ የሚወጣ። የምትሠራበት የራዲዮ ጣቢያ ኃላፊ ሚስተር ሃሎራን የሚፈልገው ደግሞ «ሉዊቪል» ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ተለቅሞ። ዜና አንባቢ ሆና ስትቀጠር ስድስት ወር ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደችው። የድሮው አነጋገሯ ለቀቃት። እሷም እሰየው አለች።

ዌንደልን ያወቀችው በድምፁ ነው። ኦሃዮ ወንዝ ላይ የከሰል ጀልባዎች የሚያልፉበትን የቦይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ነበር። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውልና የወንዙን ከፍታ በቀጥታ ለአድማጭ ይናገራል።

«አሥራ አራት ጫማ ነው። ውሃው ረጋ ብሏል። መልካም ቀን እመቤቴ» ይላል፤ ይዘጋል። ይኸው ነው።

በመጋቢት ጎርፍ የስልኩ መስመር ሲቆረጥ ልኬቱን በወረቀት ጽፎ ራሱ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ። ምንጣፉን እንዳያበላሽ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ኦፓል አየችው፤ አያት። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ በአጃ ዳቦ መሃል የገባ የተጠበሰ ዓሣ አብረው መብላት ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ደብቃዋለች። ከየት ነሽ ሲላት «ከወደ ሰሜን» አለችው። እውነቱ፣ እናቷ ቬርና ከቦዩ አራት መንገድ ብቻ ርቃ፣ ፖርትላንድ በሚባለው በዚያው በዌንደል ሰፈር ትኖራለች። ሲጋራ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ኦፓል እናቷን የምትጠይቃት በወር አንዴ፣ ያውም አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዌንደል ስትለይም እዚያ የምትኖር ለመምሰል አውቶብስ ተሳፍራ የሀብታም ሰፈር ትወርዳለች፤ ከዚያ ወደ ተከራየችው ክፍል በእግሯ ትመለሳለች።

በግንቦት፣ የከተማው ታላቅ የፈረስ ውድድር በሚካሄድበት ሳምንት፣ ከቺካጎ ራዲዮ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ያዳምጣት ጀመር። ሚስተር ሃሎራን «ከወደደሽ ይወስድሻል» ብሏታል። አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«እንደምን አደሩ» አለ ዌንደል። «ሉቭል ላይ ወንዙ አሥራ ሦስት ጫማ ነው።»

ኦፓል የቺካጎውን ሰው ፊት አየች።

«ሉዊቪል ማለትዎ ነው መቼም» አለች፤ ሳቀችም። የቺካጎው ሰው አብሯት ሳቀ።

«አዎ እመቤቴ» አለ ዌንደል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቅርታ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዜናውን እንዴት አንብባ እንደጨረሰች አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በማግሥቱ የደወለው ሌላ ሰው ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ዓርብ ዓሣ ቤት ተቀምጣ ጠበቀችው፤ ቀረ። ከቺካጎ የመጣው ሰው እንደወደዳት ሲነግሯት ደስታው አልመጣላትም። በሁለተኛው ሳምንት ፊቷን አጥባ ወደ ቦዩ ወረደች።

ዌንደል ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሲያያት ገመዱን ለቀቀ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ደስ አለው።

«ልመጣ ነበር እኮ» አለ። «እስክችለው ነው የቆየሁት። ስሚኝ እስቲ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሉ... ዊ... ቪል።» ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «አሁንስ ደህና ነው? የእህቴ ልጅ ናት ያስጠናችኝ።»

ኦፓል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምነው? ተሳሳትኩ?»

«ተው ዌንደል፣ በናትህ ተው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ውሸታም ነኝ። የሰሜን ሰው አይደለሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ያደግሁት፣ እዚሁ ፖርትላንድ። ዋና የተማርኩት ከዚህ ድልድይ ስር ነው።»

ዌንደል የለቀቀውን ገመድ አነሳ።

«እናትሽ አሉ?»

«አለች።»

«እሳቸውም እንደኔ ነው የሚሉት? ሉቭል?»

«አዎ።»

«እኔን ስታርሚኝ፣ ያን ጠዋት፣ ራዲዮ ይሰሙ ነበር?»

ይህን አስባው አታውቅም። እናቷ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ራዲዮዋን ከፍታ የልጇን ድምፅ የምትጠብቅ ሴት ናት። አንድም ቀን አላመለጣትም። ኦፓል የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ዌንደል የቦዩን በር ለባልደረባው አደራ ብሎ እጇን ያዘ። «ተነሺ» አለ። «እንሂድ።»

ቬርና በሩን ከፍታ ሁለቱን አየቻቸው። ምርኩዟን ተደግፋ ወደ ደጃፉ ወጣች።

«እማዬ» አለች፣ «ይሄ ዌንደል ነው። በራዲዮ ያዋረድኩት ሰው።»

ቬርና ቀና ብላ ዌንደልን አየችው። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ልጄ» አለችው፣ «ይቅር በላት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኦፓል እናቷ ስለ እሷ ይቅርታ ስትለምን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። ያን ጊዜ የተሰማትን ሐፍረት ዕድሜ ልኳን ብትናገረው አያልቅም። እናቷ እግር ስር ወድቃ ቀሚሷን ጨብጣ አለቀሰች።

«ኧረ እኔስ ቂም የለኝም እማማ» አለ ዌንደል፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ። «እንዲያውም እሷን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ላገባት።»

ኦፓል ከወደቀችበት ቀና አለች። «እኔን ጠይቀኸኛል እንዴ?»

«አሁን መጠየቄ ነው» አለ፤ ፊቱ ደም መሰለ። «በራዲዮው አፍሽ ብቻ እንዳትመልሺልኝ።»

ኦፓል በእናቷ አነጋገር፣ ግማሹን እየዋጠች፣ እሺ አለችው።