ከሬሳው ሥር የነበሩት ቅጠሎች

ተመራማሪው ከባቄላው ማሳ ዳር፣ አረሙ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የፋብሪካ ጭስም ዝቅ ብሎ ተኝቷል።

«ትናንት ከዝናቡ በኋላ አዳልጦት ነው» አለ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ።

መርማሪው ወደ ሬሳው ቀረበ። ቀርፋፋ ስለሚመስል ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ እስካሁን ግን የቀደመው የለም። አስከሬኑ ሲነሳ ተንበርክኮ በዚህ ሳምንት የበቀለውን አረም አገላበጠ። በዙሪያው ያለውን ሰፋፊ ቅጠል ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ ባቄላውንም እንደዚያው። ከሬሳው ሥር የተጨፈለቀው ግን ንጹሕ አረንጓዴ ነው።

«ይሄ ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

«አሲድ ያለበት ዝናብ ነው» አለች ረዳት ተመራማሪዋ፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «የፋብሪካው ጭስ ከደመናው ይቀላቀላል፤ ሲዘንብ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ጋሼ ዕድሜውን የጨረሰው ይህንኑ ሲያጠና ነው።»

«በሽታም ሊሆን ይችላል እኮ!» አለ ከኃላፊው ጎን የቆመው የፋብሪካው መሐንዲስ። «ሟቹ ራሱ እንደዚያ ብሎ ሊመሰክርልን ነበር።»

ረዳቷ ቀና ብላ አላየችውም።

ከማሳው መሃል አንድ መደብ በላስቲክ ሸራ ተሸፍኗል። መርማሪው ገለጠው፤ ባቄላው እንከን የለበትም።

«ይህንን ማን ይሸፍነዋል?»

«ከሟቹና ከእሷ በቀር ማን ደፍሮ!» አለ ኃላፊው። «ለማነጻጸሪያ በንጹሕ ውሃ የሚያድግ ነው። ፀሐይ እንዳይከለከል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ብቻ ነው የሚሸፍኑት። እኔን እንኳ አያስነኩኝም።»

መርማሪው ወደ ረዳቷ ዞረ። «እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«ከተማ። ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት።»

ሦስቱንም መደቡ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ከሬሳው ሥር ያለው ቅጠል የትናንቱን ዝናብ አልቀመሰም። ሰውዬው የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ስለዚህ አላዳለጠውም። ጠብታው ሲጀምር እሱ ሞቷል። ታዲያ ሸራውን ማን ሳበው? መሐንዲሱ መደቡ ቢቃጠል ደስታውን አይችለውም። ኃላፊው ነክቶት አያውቅም። የሳበው ሰው፣ ሬሳ አጠገቡ ተዘርግቶ እንኳ ለባቄላው የሳሳ ነው። እርስዎ ከተማ አልነበሩም።»

ረዳቷ ጎንበስ ብላ የባቄላውን ቅጠል ዳሰሰች።

«የገበሬው ሰብል ሁሉ እየነደደ፣ ጋሼ ‹በሽታ ነው እንበልና እንገላገል› አለኝ። በንዴት ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም... ልሸሽ ስል ዝናቡ ጀመረ። እጄ አላስችል አለኝ።»

ፖሊሶቹ ክንዷን ሲይዟት አንድ ጠብታ መርማሪው እጅ ላይ ወደቀ። ረዳቷ ሰማዩን አየች፤ ከዚያ የተገለጠውን መደብ።

«ማን ሊሸፍነው ነው?»

መሐንዲሱ ፊቱን አዞረ። ኃላፊው ሸራውን አነሳ፤ ወዴት እንደሚስበው ግን ጠፋው።

«ከግራ ነው የሚጀመረው» አለችው እያለቀሰች።

መርማሪው ኃላፊው ሸፍኖ እስኪጨርስ ጠበቃት።