ባለ ሁለት በር

«ታሚ፣ ፍጠኚ እንጂ! ታፍነን ልንሞት ነው!» አለች ዛራ ከኋላ ወንበር።

ታምሲን ከጋቢና ወርዳ ዝናብ ላይ ቆማለች። በወንበሩ ጎን ያለውን ማንሻ ሳብ ስታደርገው ወንበሩ ወደ ፊት ተደፋ። መጀመሪያ የዛራ ረጅም እግር፣ ቀጥሎ የሆሊ ቦርሳ፣ ከዚያ ሁለቱም ልጆች እየተሳሳቁ ወጡ። ምን እንዳሳቃቸው ታምሲን አልሰማችም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኧረ ተይው፣ ብነግርሽም አይገባሽም» አለች ዛራ። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሮጡ። ወንበሩን መልሶ በሩን መዝጋት እንደ ሁልጊዜው የታምሲን ሥራ ሆነ።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አሉ የሆሊ እናት ካሮላይን መሪውን እንደያዙ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!»

ዘበኛ ትቀጥሩ ነበራ፣ አለች ታምሲን በሆዷ።

መኪናዋ ግን ታምራለች። ታምሲን ይህን መካድ ብትችል ደስ ባላት ነበር። የሌሎቹን ግዙፍ የመስክ መኪኖች የሚያክል ቁመት ይዛ በርዝመት አጠር ያለች፣ በሮቿ ሁለት ብቻ፣ አናቷ ጥቁር፣ ሌላ አካሏ ነጭ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ሸርተት ያለ ነው። ወንበሮቿ የወተት ቀለም ባለው ቆዳ ተለብጠዋል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን አጥር አሻግሮ ያያል። የሌሎች ልጆች እናቶች ማቆሚያ አጥተው ሰፈሩን ሲዞሩ፣ ካሮላይን የተገኘችው ክፍተት ውስጥ ሹልክ ብለው ይገባሉ። ታርጋዋ ደግሞ በስም የወጣ ነው፦ H8 LLY። ካሮላይን ስምንቷን እንደ ኦ ቆጥረው «ሆሊ» ብለው ያነቧታል። ተማሪው ግን ስምንትን በእንግሊዝኛ «ኤይት» ይልና «ሄይት» ብሎ ያነበዋል፤ «ጠላሁ» ማለት ነው። ታምሲንም በየማለዳው መኪናዋ ቤታቸው ደጃፍ ስትቆም የምታነበው ይህንኑ ነው፦ ጠላሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የነሆሊ መኪና አሮጌ ባለ አራት በር ነበረች፤ ታምሲንና ሆሊ ከኋላ ተቀምጠው በአንድ ማዳመጫ ሙዚቃ ይሰሙ ነበር። ክረምት ላይ የሆሊ አባት መኪናዋን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሆሊ ያን ቀን የታምሲን አልጋ ላይ ተደፍታ አልቅሳ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ አስምላታለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በአውቶቡስ አብረው ተመላለሱ። ታምሲን ያንን አውቶቡስ ትናፍቃለች ቢባል ማን ያምናል?

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ነጯ መኪና መጣች፤ ከመኪናዋ ጋር ዛራ መጣች። ዛራ ኮረብታው ላይ ካሉት ትልልቅ ቤቶች ወደ አንዱ በቅርቡ የገባች፣ ሰው ሁሉ ሊቀርባት የሚሻማባት ልጅ ናት። «ዜሮ ኪሎ ሜትር ናት» አለቻት ሆሊ የመጀመሪያው ቀን። «እናቴ ለልደቴ ነው ያወጣቻት። የወንበሩ ላስቲክ ራሱ ትናንት ነው የተላጠው።» ታምሲንም አመነች። መጨረሻ ተሳፋሪ፣ መጀመሪያ ወራጅ እሷ ስለሆነች ጋቢናው ተሰጣት። ሌላ ቦታ ቢሆን ጋቢና ክብር ነው። እዚህ ግን ከጀርባዋ የሚንሾካሾኩ ሁለት ጓደኛሞች፣ ከጎኗ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወሩ እናት አሉ። ቅናት ነበር የያዛት። ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራ አጣች።

ዝናብ ላይ ቆማ በዋለችበት በዚያው ቀን እራት ላይ አባቷን ጠየቀችው። አባቷ የመኪና ምርመራ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ የአካባቢው መኪና ሁሉ ቦሎ ከማግኘቱ በፊት በእሱ እጅ ያልፋል።

«አባዬ፣ ባለ ሁለት በር የመስክ መኪና ምን ጥቅም አላት?»

አባቷ ባቄላውን በዳቦው ላይ መከመሩን ተወ። ስለ መኪና ከተነሳ ምግብ ይረሳል። «መስክ አይታ የማታውቅ የመስክ መኪና! ለአንድ ሰው ንግሥት ናት። ለሁለት ሰው ምቹ ናት። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ቅጣት ናት። ጠባብ ቦታ ትገባልሻለች፤ በሯ ረጅም ስለሆነ ግን ከገባሽ በኋላ መውጫ የለሽም።»

«ታዲያ ሰው ለምን ይገዛታል?»

«ስለምታምር ነዋ! አንቺ ያንን ረጅም ተረከዝ ጫማ ለምን አስገዛሽኝ? ልትሄጂበት?»

«ሙድ አትያዝብኝ እንግዲህ። የስም ታርጋስ?»

«እሱ እንደ ፀጉር ቀለም ነው። ተራ ታርጋ የመኪናዋን ዕድሜ ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። የስም ታርጋ ግን አፍ የለውም።» ሳህኑን ይዞ ወደ ማጠቢያው ሄደ።

ታምሲን የሆሊን «ዜሮ ኪሎ ሜትር» አስታወሰች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። እዚህ አገር የማንንም መኪና ታርጋ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቢጽፉ መልስ ይሰጣል። ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ቀለም ነጭ፣ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት። ባለፈው ወር ምርመራ ወድቃ በሳምንቱ አልፋለች።

ታምሲን ደስ አላት። ደስታው ትንሽ አሳፈራት፤ ቢሆንም ገጹን ፎቶ አንስታ ስልኳ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ጎማዋ ነበር» አለ አባቷ። ፎጣ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

«ምኑ?»

«የጣላት። ከመሸጧ በፊት እኔ ነኝ የመረመርኳት።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«የሰውን መኪና ሆድ ዕቃ ስከፍት ነው የምውለው፣ ልጄ። ገበናውን ግን ቤት ይዤ አልመጣም።» ይህን ብሎ ሳህኑን ማድረቅ ጀመረ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ዝናቡ አላባራም ነበር። አምስት ስድስት ሴት ልጆች በሩ አጠገብ ካለው መጠለያ ሥር መኪና ይጠብቃሉ።

«ሆሊዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዛራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እናቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? ባለ ሁለት በሯን መሥራት ካቆሙ ዓመታት ሆኗቸዋል አለችኝ። የሚገዛት ጠፍቶ። ታዲያ ያንቺዋ እንዴት ዜሮ ኪሎ ሜትር ሆነች?»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ሆሊ ዞሩ። ሆሊ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እ... ልዩ ትዕዛዝ ናት» አለች።

«ውይ፣ ልዩ ትዕዛዝ!» አንዷ ሳቀች። ዛራ ዞር ስትል ታምሲንን አየቻት። «አቦ ምን አስጨነቀን፣ ታሚ አለች አይደል! አባትሽ ቦሎ መርማሪ ነው አላልሽኝም? ንገሪን እስቲ፣ አዲስ ናት?»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዛራ ወሬዋን ልትሰማ ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያው ነው። የታምሲን እጅ ኪሷ ውስጥ ስልኩን ጨበጠ። ማውጣት ብቻ ነበር የሚቀረው። ከዚያ ሳቁ የእሷም ይሆናል፤ ነገ ከኋላ የምትቀመጠው እሷ ትሆናለች። ቀና ስትል ሆሊን አየቻት። ሆሊ አልለመነቻትም። አባቷ እንደሄደበት እንደዚያ የክረምት ቀን ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ የማውቀው በሯን ነው» አለች ታምሲን። «በየቀኑ ስከፍት ስዘጋ የምውለው እኔ ነኝ። በሩ ይሠራል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዛራም ሳትወድ ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለፈ፤ ወዲያው ነጯ መኪና መጥታ ቆመች።

ታምሲን በሩን ከፍታ ወንበሩን ደፋችና ራሷ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ገባች።

«እንዴ፣ ታሚ! መጀመሪያ ወራጅ አንቺ ነሽ እኮ» አሉ ካሮላይን።

«ዛሬ ዛራ ጋቢና ትሞክረው ብዬ ነው።»

ዛራ ደስ አላት። ሆሊ ከኋላ ገባች፤ ዛራ ተከትላት ጋቢናውን ያዘችና ወዲያው ሙዚቃውን ከፍ አደረገች። ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ጉልበት ከፊት ወንበር ይጋጫል። ይሄ ነበር እንዴ ያስቀናኝ፣ አለች ታምሲን ለራሷ።

«ስለ መኪናዋ አባትሽ ነው የነገረሽ?» አለች ሆሊ በሹክሹክታ።

«እሱ? እሱ አፉ የተቆለፈ ነው። ራሴ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት።» ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻት።

ሆሊ ገጹን አነበበችው። «ለምን አልነገርሻቸውም ታዲያ?»

ጓደኛዬ ስለሆንሽ ማለት ይቻል ነበር። ያምርም ነበር። «ልነግራቸው ነበር» አለች ታምሲን። «ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ ነዋ።»

«በዚች አሮጊት መኪና?»

«በመኪናዋም» አለች ታምሲን፤ በአገጯ ጋቢናውን እያመለከተች፣ «በሷም።»

ታምሲን ፎቶውን ነካች። ስልኩ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። ይጥፋ አለችው። መኪናዋ የእነ ታምሲን ደጃፍ ቆመች። ያኔ ሆሊ የቦርሳዋን ኪስ ከፍታ የተቋጠረ ማዳመጫ አወጣች፤ አንዱን ጫፍ ሰጠቻትና ሌላውን መፍታት ጀመረች።

«ወራጅ አለ!» አሉ ካሮላይን።

ዛራ «ውይ ጸጉሬን!» እያለች ዝናቡ ውስጥ ወረደች። ማንሻውን ፈልጋ እስክታገኝ ትከሻዋ በሰበሰ። በመጨረሻ ወንበሩ ተደፋ።

«ታሚ፣ ፍጠኚ እንጂ!»

«መጣሁ» አለች ታምሲን። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።